ማታ የሚዋጠው ኪኒን፦ የድባቴ መድኃኒት ለእንቅልፍና ለጭንቀት ሲታዘዝ

ለሕዝብ ክፍት በሆነው የፋኩልቲው የምሽት ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች መጠነኛ አርትዖት ተደርጎበታል።



የዛሬው ንግግሬ ስለ አንዲት ትንሽ ኪኒን ነው። አሚትሪፕቲሊን ትባላለች። በሀገራችን ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ለረጅም ዘመን ስትታዘዝ የኖረች፣ ዋጋዋም ከብዙዎቹ የአእምሮ መድኃኒቶች ይልቅ ለድኻው ኪስ የቀረበች ናት። በመማሪያ መጽሐፎቻችን ውስጥ የተመዘገበችው በድባቴ መድኃኒትነት ነው። በመድኃኒት ቤቱ መስኮት ፊት የሚቆመው ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ስለ ድባቴ የሰማው ነገር የለም። «ማታ ማታ አንድ ፍሬ፤ ለእንቅልፍ ነው» ተብሎ ተሰጥቶት ይሄዳል።

ይህ አጭር ትእዛዝ ሁለት አደጋ አለው። የመጀመሪያው፣ ሰውየው እቤቱ ገብቶ በማሸጊያው ውስጥ ያለውን ወረቀት ሲያነብ ወይም የተማረ ልጁ ሲያነብለት «የአእምሮ ሕመም መድኃኒት» የሚል ቃል ያገኝና ደንግጦ መድኃኒቱን ይጥለዋል። ሁለተኛው የባሰ ነው፤ መድኃኒቱን ይውጣል፣ ይተኛል፣ በመተኛቱም ድኛለሁ ብሎ ያምናል። እኔ ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው እንቅልፍ ማግኘትና መዳን ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን፣ ይህም ልዩነት በኪኒኗ ኬሚስትሪ ውስጥ ጭምር ተጽፎ የሚገኝ መሆኑን ነው።

የመድኃኒቱ አመጣጥ

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ወደ ስዊዘርላንድ መሄድ ያሻል። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ሮላንድ ኩን የተባለ ሐኪም በሙንስተርሊንገን ሆስፒታል ይሠራ ነበር። ጋይጊ የተባለው የመድኃኒት ኩባንያ ያዘጋጀውን አዲስ ቅመም በስኪዞፍሬኒያ ሕሙማን ላይ ሞከረው። የተጠበቀው ውጤት አልተገኘም። ነገር ግን በጽኑ ድባቴ የተያዙ ሕሙማን ላይ ሲሞከር መንፈሳቸው ሲነቃቃ ታየ። ኩን ይህን በ1957 እ.ኤ.አ. አሳተመ። መድኃኒቱ ኢሚፕራሚን ተባለ። ሞለኪዩሉ ጎን ለጎን የተያያዙ ሦስት ቀለበቶች ስላሉት ወገኑ ሁሉ «ትራይሳይክሊክ»፣ ማለትም ባለ ሦስት ቀለበት፣ ተብሎ ተሰየመ።

አሚትሪፕቲሊን የዚያው ቤተሰብ ታናሽ ናት። በ1961 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ለድባቴ ሕክምና ተፈቀደች። ሐኪሞች ቶሎ ያስተዋሉት ነገር ቢኖር ከኢሚፕራሚን ይልቅ አብዝታ የምታስተኛ መሆኗን ነው። የዘመኑ ሐኪሞች ይህን እንደ ጉድለትም እንደ ጸጋም አዩት። ቀን ለሚሠራ ሰው ጉድለት ነው፤ ሌሊቱን ዓይኑን ሳይከድን ለሚያነጋ ሰው ደግሞ ጸጋ ነው። መፍትሔው ቀላል ሆነ፦ መጠኑን ሁሉ በመኝታ ሰዓት መስጠት። ማታ የሚዋጥ የድባቴ መድኃኒት የሚለው ልማድ ከዚህ ተወለደ። ኋላ የመጡት ትራዞዶንና ሚርታዛፒንም በዚያው መንገድ ተጓዙ።

እንቅልፉ ከወዴት ይመጣል?

ተማሪዎቼን ብዙ ጊዜ የምጠይቃቸው ጥያቄ አለ፦ የድባቴ መድኃኒት መንፈስን ለማነቃቃት የተሠራ ከሆነ ስለ ምን ያስተኛል? መልሱ፣ እንቅልፉ የሚመጣው ድባቴን ከሚያክመው ሥራዋ አለመሆኑ ነው።

በአንጎላችን ሥር፣ ሃይፖታላመስ በሚባለው ክፍል በስተኋላ፣ ሂስታሚን የሚያመነጩ ጥቂት የነርቭ ሕዋሳት ተሰብስበው ይገኛሉ። እኛ ነቅተን ሳለን እነርሱም ይተጋሉ፤ ስንተኛ ዝም ይላሉ። ከዚያች ትንሽ ስፍራ ተነሥተው ወደ አንጎል ሁሉ የሚዘረጉት ክሮች «ንቃ» የሚለውን መልእክት ያደርሳሉ። መልእክቱን የሚቀበለው ኤች-1 የተባለ ሪሴፕተር ነው። አሚትሪፕቲሊን ይህን ሪሴፕተር ትይዝና መልእክቱ እንዳይደርስ ታግዳለች። ለአለርጂ ተብሎ የሚሰጠውን ክሎርፌኒራሚን የዋጠ ሰው ሁሉ ይህን እገዳ ያውቀዋል፤ አፍንጫው ሲደርቅ ዓይኑም አብሮ ይከብደዋል። እንግዲህ በእንቅልፍ ረገድ አሚትሪፕቲሊን የክሎርፌኒራሚን ዘመድ ናት።

ድባቴን የሚያክመው ሥራዋ ግን ሌላ ነው። ሴሮቶኒንና ኖርአድሬናሊን የተባሉት መልእክተኞች ከተለቀቁ በኋላ ወደ መነሻቸው ተመልሰው እንዳይገቡ በሩን ታጠብባለች። የበሩ መጥበብ ወዲያው ይጀምራል፤ ፍሬው ግን ወዲያው አይታይም። የነርቭ ሕዋሳቱ ራሳቸውን ከአዲሱ ሁኔታ ጋር እስኪያስማሙ ድረስ ሳምንታት ያልፋሉ። ስለዚህ እንቅልፉ በመጀመሪያው ሌሊት ሲመጣ የመንፈስ መታደስ ግን ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ሊዘገይ ይችላል።

ሦስተኛም ሥራ አላት፤ ይህኛው ማንም የማይፈልገው ነው። አሴቲልኮሊን የተባለውን መልእክተኛ ታግዳለች። የአፍ መድረቅ፣ የሆድ ድርቀት፣ የዓይን ብዥታና የሽንት አልወጣም ማለት ከዚህ የሚመጡ ናቸው።

አንድ ስም፣ ሁለት መጠን

ከላይ የዘረዘርኳቸው ሥራዎች ሁሉ በአንድ መጠን አይጀምሩም፤ የንግግሬም ማዕከል ይኸው ነው። ኤች-1ን ለመያዝ ጥቂት መድኃኒት ይበቃል። ለእንቅልፍ ወይም ለነርቭ ሕመም የሚታዘዘው መጠን ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 25 ሚሊግራም ነው። ድባቴን ለማከም ግን የዓለም የጤና ድርጅት ለጠቅላላ ጤና ባለሙያዎች ያዘጋጀው የአእምሮ ጤና መመሪያ በ25 ሚሊግራም ማታ ተጀምሮ በየሳምንቱ ከ25 እስከ 50 ሚሊግራም እየተጨመረ በቀን ከ100 እስከ 150 ሚሊግራም እንዲደርስ ይመክራል። ለአረጋውያን መጠኑ ከዚህ ያነሰ ነው።

ለማስረዳት ያህል አንድ ታሪክ ላቅርብ፤ የአንድ ሰው ታሪክ ሳይሆን በትምህርት ክፍል ለውይይት የምንጠቀምበት ምሳሌ ነው። አንዲት መምህርት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ትነቃለች፣ ከዚያ በኋላ አትተኛም፣ ምግብ አስጠልቷታል፣ ቀድሞ ደስ የሚላት ነገር ሁሉ ጣዕም አጥቷል። ወደ ሐኪም ሄዳ የምትናገረው ግን አንዱን ብቻ ነው፦ «እንቅልፍ አጣሁ»። 25 ሚሊግራም ይታዘዝላታል። ትተኛለች። ከሁለት ወር በኋላ ስትጠየቅ «እንቅልፌ ተመለሰ፤ እኔ ግን አልተመለስኩም» ትላለች። ይህች ሴት የተሰጣት የእንቅልፍ መጠን ነው፤ ሕመሟ የሚጠይቀው ደግሞ የድባቴ ሕክምና ነበር። ካርዷ ላይ የድባቴ መድኃኒት ስም ስላለ የድባቴ ሕክምና ያገኘች ይመስላል፤ አላገኘችም።

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። ልብ በሉ፤ በዚህ ምሳሌ ውስጥ በሽታውን የደበቀችው ሕመምተኛዋ ብቻ አይደለችም። እንቅልፏም ደበቀው። እንቅልፍ ማጣት ከድባቴ ምልክቶች አንዱ ሆኖ ሳለ ለብቻው ሲወገድ የቀሩትን ለማየት የሚያነሳሳን ነገር ይጠፋል።

ጭንቀትን በተመለከተም ሁኔታው ተመሳሳይ ነው። አእምሮዋ አልረጋ ብሎ በአልጋ ላይ ለምትገላበጥ ሴት የመጀመሪያው ሌሊት ዕረፍት እውነተኛ ዕረፍት ነው፤ አላቃልለውም። ለጽኑ የጭንቀት ሕመም ግን ዛሬ በቅድሚያ የሚመረጡት የንግግር ሕክምናና እንደ ሰርትራሊን ያሉ መድኃኒቶች ናቸው። እነዚህ መድኃኒቶች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መረበሽንና እንቅልፍ ማጣትን ሊያባብሱ መቻላቸው ብዙ ሰው ወደሚያስተኙት ወገኖች እንዲያዘነብል ያደርጋል።

ማስረጃው ምን ይላል?

በምሁራን ፊት ስቆም ልማድን ከማስረጃ መለየት ግዴታዬ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ የኮክሬን ግምገማ የድባቴ መድኃኒቶች ለእንቅልፍ ማጣት ያላቸውን ጥቅም መረመረ። 23 ጥናቶችንና 2,806 ተሳታፊዎችን አካትቷል። ለዝቅተኛ መጠን ዶክሴፒንና ለትራዞዶን ለአጭር ጊዜ የሚታይ መጠነኛ ጥቅም አገኘ። አሚትሪፕቲሊን ግን በሕክምና ቤት ይህን ያህል የተለመደች ሆና ሳለ ለእንቅልፍ ማጣት የሚደግፋት ማስረጃ አልተገኘላትም። ይህ ማለት አታስተኛም ማለት አይደለም፤ ጥቅሟና ጉዳቷ በሚገባ ተመዝኖ አልቀረበም ማለት ነው።

የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ትራዞዶንን ለእንቅልፍ ማጣት ባይጠቀሙ ይሻላል ብሏል፤ ምክሩ ጠንካራ የሚባል ባይሆንም። ዶክሴፒንን በተመለከተ ግን ሌሊት እየነቁ ለሚቸገሩ ሰዎች ይሁንታውን ሰጥቷል። የዶክሴፒን ነገር የተናገርኩትን ሁሉ በአንድ ምሳሌ ያጠቃልለዋል። ይህ መድኃኒት ለድባቴ ሲሰጥ መጠኑ በቀን 75 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ለእንቅልፍ ሲፈቀድ ግን በ3 እና በ6 ሚሊግራም ብቻ ነበር። በዚያ መጠን ሂስታሚንን ከማገድ የዘለለ ሥራ እምብዛም የለውም።

የእኛ ጉበት፣ የእኛ ቡና፣ የእኛ ጫት

መድኃኒቱ ከሰውነት የሚወገደው በአብዛኛው በጉበት ኢንዛይሞች ነው። ከእነርሱ አንዱ ሲዋይፒ2ዲ6 ይባላል። በዚህ ረገድ ሀገራችን በዓለም የፋርማኮጄኔቲክስ መጻሕፍት ውስጥ ስሟ ይነሣል። በ1996 እ.ኤ.አ. እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ ባሳተሙት ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶ የሚሆኑት የዚህ ኢንዛይም ጂን ተደጋግሞ የሚገኝባቸው ሆነው ታዩ። እንዲህ ያለ ሰው መድኃኒቱን ከሌላው ፈጥኖ ሊያስወግድ ስለሚችል የተለመደው መጠን ላይበቃው ይችላል። በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመው ሌላው ጥናት በኢትዮጵያና በስዊድን የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን አነጻጽሮ ጂናቸው ተመሳሳይ ሆኖ ሳለ በሀገር ቤት ያሉት የኢንዛይሙ ሥራ ዝግ ያለ መሆኑን አሳየ። ስለዚህ ጂን ብቻውን አይወስንም፤ የምንበላውና የምንጠጣው፣ የምንኖርበትም ስፍራ ድርሻ አላቸው።

ከዚህ ድርሻ ውስጥ ጫት ይገኝበታል። ጫት በሁለት በኩል ከመድኃኒቱ ጋር ይጋጫል። በአንድ በኩል በውስጡ ያለው ካቲኖን አንጎልን ያነቃል፤ ከሰዓት በኋላ የቃመ ሰው ማታ ምርቃናውን ለመስበር ኪኒን ቢውጥ በአንድ እግሩ ጋዙን፣ በሌላው ፍሬኑን እንደሚረግጥ ሾፌር ነው፤ ልቡም ለተጨማሪ ጫና ሊጋለጥ ይችላል። በሌላ በኩል ጫት የሲዋይፒ2ዲ6ን ሥራ እንደሚቀንስ በበጎ ፈቃደኞች ላይ የተደረገ ጥናት አሳይቷል። ምርቃናን በአልኮል መስበር ላይ ደግሞ ይህን ኪኒን መጨመር መተንፈስንና ንቃትን አብዝቶ ያዳክማል።

ቡናን በተመለከተ ከማኅበራዊ ኑሯችን ጋር ጠብ ውስጥ መግባት አልሻም። ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት አምስት ሰዓት ያህል እንደሚፈጅበት ማወቅ ግን ተገቢ ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ የተጠጣው ቡና ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ግማሹ ገና በደም ውስጥ ነው። ኪኒን ከማዘዝ በፊት የመጨረሻዋ ስኒ በስንት ሰዓት እንደምትጠጣ መጠየቅ ወጪ የለውም።

አወሳሰዱና ጥንቃቄው

አሚትሪፕቲሊን ተውጣ በደም ውስጥ ከፍተኛ መጠኗ ላይ ለመድረስ ሰዓታት ይወስድባታል። ከመኝታ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ቀደም ብሎ መውሰድ የሚመከረው ስለዚህ ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ድረስ እንቅልፍ ሲጠብቅ ቆይቶ ተስፋ ቆርጦ የሚውጥ ሰው ጠዋት ላይ የሚያገኘው ድንዛዜ ነው። ግማሽ ዕድሜዋ ከ10 እስከ 28 ሰዓት ስለሚደርስ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ንጋት ላይ መኪና መንዳትና በማሽን መሥራት ያሰጋል። በጾም ለሚቆይ ክርስቲያንም ሆነ በረመዳን ለሚጾም ሙስሊም የማታው አወሳሰድ አይከብድም፤ ውኃ የሚጠጣበት ሰዓት ስላጠረ ግን የአፍና የሆድ ድርቀቱ ሊበረታበት ይችላል።

መድኃኒቷ ሰው ከተኛበት ሲነሣ የደም ግፊትን ዝቅ ታደርጋለች። መጸዳጃው ከቤት ውጭ በሆነበት ግቢ ሌሊት በጨለማ የሚነሡ አዛውንት ወድቀው ዳሌያቸውን ሊሰበሩ ይችላሉ። «ሲነሡ መጀመሪያ በአልጋው ጠርዝ ላይ ጥቂት ይቀመጡ» የምትለው አንዲት ዓረፍተ ነገር ከብዙ ኤክስሬይ ታድናለች።

የልብ ሕመም፣ የሚጥል በሽታ፣ የዓይን ግፊት፣ የሽንት መቋረጥ ወይም ባይፖላር ሕመም ያለበት ሰው ይህን መድኃኒት ከመውሰዱ በፊት ሐኪሙ በጥንቃቄ ሊመረምረው ይገባል፤ በባይፖላር ሕመምተኛ ላይ የድባቴ መድኃኒት ብቻውን ከልክ ያለፈ መነቃቃትን ሊቀሰቅስ ይችላል። ለሕመም ማስታገሻ ትራማዶል፣ መድኃኒት ለተላመደ የሳንባ ነቀርሳ ደግሞ ሊኔዞሊድ የሚወስዱ ሰዎችም ይህን ለሐኪማቸው ሊነግሩ ይገባል፤ ሴሮቶኒን ከልክ በላይ ሊከማች ይችላልና።

ከሁሉ የከበደው ጥንቃቄ ይህ ነው። አሚትሪፕቲሊን ከመጠን በላይ ስትወሰድ የልብን የኤሌክትሪክ ሥርዓት ታናጋለች፤ ልትገድልም ትችላለች። ስለዚህ የመሞት ሐሳብ ላለበት ሰው የብዙ ሳምንት መድኃኒት በአንድ ጊዜ መስጠት አይገባም። ቤተሰብ ይያዝለት፤ ከሕፃናትም ይራቅ። «ሞትን ታስባለህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልም፤ በሩን ይከፍታል እንጂ።

ለማቆምም ሥርዓት አለው። ይህች ኪኒን እንደ ዲያዜፓም የሱስ ናፍቆት አታመጣም፤ ነገር ግን ለረጅም ጊዜ ተወስዳ በድንገት ስትቋረጥ ማቅለሽለሽ፣ መረበሽና የባሰ እንቅልፍ ማጣት ይከተላሉ። ለጸበል የሚሄድም ሆነ ለሥራ ወደ ዐረብ ሀገር የሚጓዝ ሰው መድኃኒቱን በአንድ ቀን እንዳይጥለው፣ ለማቆም ከፈለገም ከሐኪሙ ጋር ተመካክሮ ቀስ በቀስ እንዲቀንስ አስቀድሞ መነገር አለበት። ለድባቴ የሚወስድ ከሆነ ደግሞ ምልክቶቹ ከጠፉ በኋላም ከ9 እስከ 12 ወር መቀጠል ይመከራል።

ከኪኒኑ በፊትና ከኪኒኑ ጋር

ሥር ለሰደደ የእንቅልፍ ማጣት ቀዳሚው ሕክምና መድኃኒት አይደለም። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2016 እ.ኤ.አ.፣ የአውሮፓ መመሪያም በ2017 እ.ኤ.አ. በእንቅልፍ ላይ ያተኮረውን የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምና አስቀድመዋል። መሠረቱ ቀላል ነው። እንቅልፍ ያጣ ሰው የጠፋውን ለማካካስ በአልጋ ላይ ብዙ ሰዓት ይቆያል፤ አልጋውም ቀስ በቀስ የመተኛ ሳይሆን የመጨነቂያ ስፍራ ይሆንበታል። ሪቻርድ ቡትዚን በ1972 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ዘዴ ይህን ቁርኝት ይፈታል፦ እንቅልፍ ሲመጣ ብቻ መተኛት፣ ካልመጣ ተነሥቶ ወደ ሌላ ስፍራ መሄድ፣ ሌሊቱ እንዴትም ይለፍ ጠዋት በአንድ ሰዓት መነሣት።

ቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ክፍል በሚያድርበት ቤት «ወደ ሌላ ክፍል ሂድ» ማለት ቀልድ እንደሚመስል አውቃለሁ። ክፍሉ ግን ዋናው ነገር አይደለም። ከአልጋው ወርዶ በርጩማ ላይ መቀመጥም ያንኑ ሥራ ይሠራል። የማይለወጠው የጠዋቱ ሰዓት ነው።

በመስኮቱ ፊት የሚነሡት ጥያቄዎች

ከእናንተ መካከል ነገ በመድኃኒት ቤት መስኮት በስተውስጥ የምትቆሙ ብዙዎች ናችሁ። ከዚህ ሁሉ ንግግር አራት ጥያቄዎችን ይዛችሁ ብትሄዱ ይበቃኛል። «እናቴ፣ ሐኪሙ ይህን መድኃኒት ለምን እንዳዘዘልዎ ነግሮዎታል?» «ከእንቅልፉ ሌላ ልብዎ ደስታ ያገኛል?» «ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» «ተመልሰው ሐኪሙን የሚያዩበት ቀን መቼ ነው?» አራቱ ጥያቄዎች ሁለት ደቂቃ አይፈጁም። የመጀመሪያው ድንጋጤን ያስቀራል፤ ሁለተኛው የተደበቀውን ድባቴ ያወጣል፤ ሦስተኛው መመረዝን ይከላከላል፤ አራተኛው ደግሞ 25 ሚሊግራም ሳትመረመር ለዓመታት እንዳትቀጥል ያደርጋል።

መድኃኒቷን እንድትፈሩአት አልመጣሁም። በትክክለኛው መጠን፣ ለትክክለኛው ሕመም፣ ከክትትል ጋር ስትሰጥ ለብዙ ሰዎች ሌሊታቸውንም ቀናቸውንም የመለሰች መድኃኒት ናት። ስሟንና ሥራዋን ግን ከታማሚው አንደብቅ። አንድ ሰው ለእንቅልፍ የዋጠውን መድኃኒት ለምን እንደዋጠ ካወቀ እንቅልፉ በተመለሰ ጊዜ «የቀረውስ?» ብሎ ለመጠየቅ ይችላል።

 ጥያቄ ያላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ።